ግቢ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ባትሪ» እያለ ይጠራው ነበር፤ እሱም ስሙን ወዶታል። የሞተ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ የመጣን ሰው ሁሉ «ሬሳውን አስቀምጠህ ሂድ፣ ነገ ነፍስ ዘርቼ እሰጥሃለሁ» ብሎ ያስቀዋል፤ በማግሥቱም እንዳለው ያደርጋል። ሙያውን ገና በወጣትነቱ ከአጎቱ ነው የተማረው። ክዳኑን በጋለ ቢላ ፈልቅቆ ይከፍታል፣ ውስጡ የተደረደሩትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ያወጣል፣ የሞተውን ከደህናው ይለያል፣ የሞተውን በብረት ድስት አቅልጦ እንደገና ቅርጽ ያስይዘዋል፣ አሮጌውን አሲድ ደፍቶ አዲስ ይሞላል። ሥራው ብልሃት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ በእጁ አይታማም።

የሥራ ቦታው መጀመሪያ ዋናው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ መጠለያ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ መጠለያው ፈረሰ። ሚስቱ ያኔ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛለች።

«ለጊዜው ግቢ ውስጥ ልሥራ፣ ሌላ ቦታ እስካገኝ» አላት።

«ለጊዜው ከሆነ ይሁን» አለች።

ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ግቢው ጠባብ ነው። ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥግ ላይ ሽንት ቤት፣ መሃል ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ከቧንቧው እስከ አጥሩ የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ገመድ። ማቅለጫውን ከማድ ቤቱ ጎን ተከለው፦ ወገቡ ላይ የተቆረጠ በርሜል፣ በላዩ ድስቱ፣ በአጠገቡ የተሰባበሩ ባትሪዎች ክምር። አሮጌውን አሲድ ቧንቧው ሥር ይደፋዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሣር በቅሎ አያውቅም። የተሰጣ ልብስ ላይ የሚያርፈውን ግራጫ ብናኝ ሚስቱ እያራገፈች ታስገባዋለች። እሱ ሥራውን ሲጨርስ በዚያው ልብሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሕፃኗን ይታቀፋታል። ጥርስ ስታበቅል የእሱን ጣት እያኘከች ነበር የምትጽናናው። የሥራ ልብሱ ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ይታጠባል፤ በዚያው ሳፋ ልጆቹም ገላቸውን ይታጠባሉ። ይህ ሁሉ በዚያ ቤት ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ታላቋ ልጅ አባቷ መንገድ ዳር በሚሠራበት ዘመን ያደገች ናት። ፈጣን፣ ምላሷ የተሳለ፣ ከክፍሏ አንደኛ። አባቷ የውጤት ካርዷን ለደንበኛ ሳይቀር ያሳያል። ታናሿ ግን አላደገችም። አካሏ ስላነሰ ሁሉም «ሚጢጢ» ይሏታል። ፊቷ የገረጣ፣ እግሯ የቀጠነ፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው። ሆዴን ትላለች። ማድ ቤቱ ጎን ቁጭ ብላ አፈሩን እያድቦለቦለች ስትጫወት ትውልና እናቷ ዘወር ስትል ትልሰዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም?» ትላታለች እናቷ አፏን በጣቷ እየጠረገች። «ምን ይጣፍጥሻል?»

«ይጣፍጣል እማዬ፣ እውነቴን ነው።»

የወስፋት መድኃኒት ከፋርማሲ ሦስት ጊዜ ተገዛላት። ምንም ለውጥ የለም።

ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ የባሰ ጉድ መጣ። አንደኛ ክፍልን ወደቀች። ደገመችው፤ ሁለተኛውም ዓመት እየተገባደደ ፊደሉን ከነአካቴው አልያዘችም። አስተማሪዋ አባቷን አስጠርታ «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አትረብሽም። ብቻ የነገርኳት አይበረክትላትም» አለችው። እሱ ውርደት ተሰማው። በእሱ ቤት ሰነፍ አልተወለደም!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ያስጠናት ጀመር። እሷ በርጩማ ላይ፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ መሃላቸው ደብተሩ፣ በቀኝ እጁ የእንጨት ማስመሪያ።

«ይሄ ማነው?»

«ለ።»

«ጎሽ። ይሄስ?»

ሚጢጢ ዓይኗን ከደብተሩ ወደ ማስመሪያው አዞረች።

«ይሄስ አልኩሽ! ትናንት ነግረሽኝ የለም?»

«ትናንት አውቄው ነበር አባዬ።»

«ዛሬስ የት ሄደ?»

«ጠፋብኝ።»

ማስመሪያው ጣቶቿ ላይ አረፈ። ሚጢጢ ጮኻ አታለቅስም፤ እጇን ብብቷ ውስጥ ትከትና ደብተሩ ላይ እንባዋን ታንጠባጥባለች። «እህትሽ በአራት ዓመቷ ነው ሁሉንም የለየችው። አንቺ ግን ደደብ ነሽ። የሰው ልጅ ፊደል ይጠፋዋል?» ይላታል። ሚስቱ ከማድ ቤት ሆና «ኧረ በቃህ» ትላለች። እሱም «ለእሷው ብዬ ነው» ይላል። ደግሞም እንደዚያ ያምን ነበር፤ ክፉ አባት አልነበረም። ጣቷ ሲያብጥ ራሱ ነበር በቀዝቃዛ ውሃ የሚያሽላት።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው የጤና ተቆጣጣሪዋ የመጣችው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ቤት ለቤት እየዞረ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ የማድ ቤቱን ጭስ መውጫ ይመዘግብ ነበር። ጎልማሳ ናት፣ በብብቷ ፋይል፣ በእግሯ አቧራ የጠጣ ጫማ። ሽንት ቤቱን አየች፣ «ክዳን አበጁለት» አለች። የውሃውን ጀሪካን አየች፣ «ይሄ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ዞር ስትል ድስቱን አየችና ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ እርሳስ ነው አይደል?»

«ታዲያ ወርቅ መሰለዎት?» አለ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ደንቡን የሚያውቁት መስሎኝ ነበር። መኖሪያ ግቢ ውስጥ እርሳስ ማቅለጥ ክልክል ነው። አሲዱንም እንዲህ መሬት ላይ መድፋት አይቻልም። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ!»

«እህቴ፣ እኔ በዚህ ጭስ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ይኸው ያዩኛል፣ ጉንፋን እንኳ አይደፍረኝም።»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እርስዎንም ቢሆን ሳይነግርዎት ሊጎዳዎት ይችላል። ልጅ ግን ሌላ ነው። ብናኙን በእጇ ይዛ አፏ ውስጥ ትከተዋለች፤ ገላዋ እንዳለ ይመጠዋል።» ዓይኗ ማድ ቤቱ ጎን አፈር ላይ የተቀመጠችው ሚጢጢ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን በቀስታ ገልጣ ድዷ ጠርዝ ላይ የተሰመረውን ሰማያዊ መስመር አየች። «ሆዷን ያማታል?»

«ያማታል!» አለች ሚስትየው ከደጃፉ፣ ሰው እስኪጠይቃት ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ። «ምግብም አትበላም፣ ደግሞ...»

ባልየው ዞር ብሎ ሲያፈጥባት ቀሪውን ዋጠችው።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀት ጻፈች። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሥራው ከግቢው እንዲወጣ፤ ልጆቹ ደማቸው እንዲመረመር፤ እስከዚያው የሥራ ልብስ ለብቻው እንዲታጠብ፣ ወለሉ በደረቁ እንዳይጠረግ፣ ልጆቹ አፈሩን እንዳይነኩ። አስፈረመችውና ሄደች። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ሬዲዮው ሥር ሸጎጠው።

«ልጅቷን እንኳ ብናስመረምራትስ?» አለች ሚስቱ።

«ስንፍና በደም ምርመራ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሰፈር አልጋ ይዞ ነበር። ተይኝ እስቲ።»

«ሴትየዋ እኮ ድዷን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።»

«ሥራዬን ብተው ምን ልትበሉ ነው? ወረቀቷን?»

ሚስትየው ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ሠላሳው ቀን አለፈ። በሠላሳ አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳ ሲያይ ተቆጣጣሪዋ ናት። ሚጢጢ በዚያን ቀን ሆዷን አሟት ከትምህርት ቤት ቀርታ አጠገቡ ቆማለች። «አባዬ፣ ሰው...» ብላ ስትጀምር አፏን በመዳፉ ከደነው። በዚያ እጁ ገና አሁን ነበር ሰሌዳ ሲፍቅ የነበረው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ተቆጣጣሪዋ ሦስት ጊዜ አንኳኳች፣ ስሙን ጠራች፣ ከዚያ የእርምጃዋ ድምፅ ራቀ። እሱ እጁን አነሳና ጠቀሳት። ሚጢጢም ከአባቷ ጋር ምስጢር መካፈሏ ደስ ብሏት ሳቀች። ከንፈሯ ዙሪያ የአምስት ጣት ግራጫ አሻራ ቀርቷል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚጢጢ አስታወከች። «ራሴን» አለች። እሱ የፈተና ሳምንት መሆኑን ያውቃል።

«ለመቅረት ነው። ዛሬስ አልሸወድም» አለና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቅሎ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኛት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቅፋለች። «እግርሽን አንሺ» ነበር ያላት።

ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እያለከለከ መጣ። «ጋሽ ባትሪ፣ ቶሎ በል፣ ልጅህ!» ድስቱን እሳት ላይ ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ሚጢጢ ወለሉ ላይ ነች። ጥርሷ ገጥሟል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጧል፣ ያች ትንሽ ገላ እንደተያዘ ዓሣ ትንፈራገጣለች። አስተማሪዋ ጭንቅላቷ ሥር ሹራቧን አድርጋ ተንበርክካለች። ልጆቹ በር ላይ ተደራርበው ያያሉ። አንዷ «ሞተች?» ስትል ሰማት። አንስቶ ሲያቅፋት ከአንድ ባዶ ባትሪ እንኳ እንደምትቀል ያስተዋለው ያኔ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ መርፌ ወግተው አረጋጓት፤ ግን አልነቃችም። አንድ ወጣት ሐኪም የማያልቅ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር። ወድቃ ታውቃለች? ትኩሳት ነበራት? ከዚያ የባልየውን ግራጫ ብናኝ የያዘ ጫማና ጥፍር አየና «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው።

«ባትሪ እሠራለሁ።»

«የት?»

«ቤት። ግቢ ውስጥ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ። ባልና ሚስቱን ኮሪደሩ ጥግ ወስዶ «ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። በጣም ብዙ» አላቸው።

«እርሳስ?» አለች እናቲቱ ግራ ገብቷት። «የምትጽፍበትን? አዎ፣ ጫፉን ታኝካለች፣ ግን መቼ ዋጠችው? እኔ አላየሁም...»

«የለም እናቴ፣ የደብተሩ አይደለም። የሚቀልጠው እርሳስ። የባትሪው።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳቸው፦ በጭሱ፣ በብናኙ፣ በአፈሩ፣ በልብሱ፣ በእጁ፣ ምናልባትም ገና በማኅፀን ሳለች ከእናቷ ደም። ሰውየው ወለሉን እያየ ሲያዳምጥ ቆየና ድንገት ቀና አለ።

«ትምህርቱስ?»

«የምን ትምህርት?»

«ፊደል እምቢ ብሏት ነበር። ዛሬ የያዘችው ነገ ይጠፋታል። እሱም... ከዚህ ነው?»

«ከዚሁ ነው» አለ ሐኪሙ። «ጭንቅላት ነው የሚጎዳው።»

«መድኃኒቱ ሲያወጣላት ይመለስላታል?»

«መድኃኒቱ ያለውን ያወጣል። የተጎዳውን ግን አያድስም። የሄደው ሄዷል፤ የቀረውን እናትርፍ።»

ሰውየው ከኮሪደሩ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እጁን ገልብጦ አየው። እሑዶቹን አንድ በአንድ ሊያስታውስ ሞከረ፤ መነሻው ጠፋበት። «ጠፋብኝ» ያለችው እውነቷን ነበር። ልጅቷ አንድም ቀን አልዋሸችውም። ሰው እያየው አለቀሰ፣ ግድም አልሰጠው።

በአምስተኛው ቀን ሚጢጢ ዓይኗን ገለጠች። ተንሰፍስፎ ግንባሯን ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ፣ ጣቶቿን ሰብስባ ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀች። እናቲቱ አየች። ነርሷም አየች።

ሆስፒታሉ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አስታውቆ ኖሮ ተቆጣጣሪዋ መጣች። «አላልኩዎትም?» እስክትለው ጠበቀ። ቢሰድቡት ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን «ግቢው ሳይጸዳ ልጅቷ ወደዚያ አትመለስም። ዛሬውኑ እንጀምር» ብቻ ነው ያለችው።

ሁለት ሳምንት ፈጀ። ባልና ሚስቱ ከተቆጣጣሪዋ ጋር አፈሩን ውሃ እያርከፈከፉ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ማድ ቤቱ ጎንና ቧንቧው ሥር እስከ ጉልበት ድረስ ቆፈሩ። እየቆፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉት፤ የጽሕፈት ቤቱ መኪና መጥቶ ለዚሁ ወደተከለለ ቦታ ወሰደው። ልብሱ፣ ሳፋው፣ ፍራሹ ሳይቀር ሄደ። አንድ የሙያ ባልደረባው መጥቶ «ድስቱንና ቅርጽ ማውጫውን ለኔ ልቀቅልኝ» ሲለው እንደ እብድ አባረረው። ሚስቱ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው «ወረቀቱን ሬዲዮ ሥር የሸጎጥከው አንተ ነህ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም፤ ስማኝ» አለችው።

«ሰምቻለሁ» አለ።

ዝም አላለችምም። አንድ ቤት ኖሩ፣ ልጆቹን አብረው አሳደጉ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በእሱ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ታላቋም ሲመረምሯት በደሟ ጥቂት ተገኘባት፤ ዳነች። እሱ ራሱ ከሁሉም ብሶ ተገኘ። ያ የማይታማ እጅ የቀኙ አንጓው እየላላ መጥቶ ብሎን መያዝ አቃተው። ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ተቀጥሮ፣ ብሎኬቱ እንዲጠነክር ውሃ ማጠጣት ጀመረ። ሚጢጢ በአሥራ አምስት ዓመቷ አራተኛ ክፍል ነበረች። በጣቷ እየተከተለች አጭር ነገር ታነባለች። ሱቅ ከላኳት ምን እንደተላከች ረስታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። አንዳንዴ ያለምክንያት ትናደድና ዕቃ ትሰብራለች። መንገድ ስለሚጠፋት አባቷ ጠዋት ያደርሳታል፣ ከሰዓት ይመልሳታል። ማስጠናቱን ለእህቷ ትቶታል። ደብተር በተከፈተበት ክፍል ውስጥ እሱ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ ሲያወሩ፣ ድሮ ሙያውን ያስለመደው አንድ ጎልማሳ ከሁለት መንገድ በታች በተከራየው ግቢ ባትሪ ማቅለጥ እንደጀመረ ሰማ። ሚስት አለው፤ መዳህ የጀመረ ልጅም አለው። በዚያው ዕለት ሄደ። ጎልማሳው በአክብሮት ተቀበለው፣ ወንበር ሰጠው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ «ጋሼ፣ ያንተን ልጅ እግዜር ይማራት። ግን የኔ ልጅ ደህና ናት፣ ስትስቅ አታያትም?» አለው። ልጅቷ እውነትም ትስቅ ነበር፣ ሁለት እጇ መሬት ላይ ሆኖ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ያቺ ተቆጣጣሪ ተዛውራለች፤ በቦታዋ ሰው አልተመደበም። ጸሐፊዋ «አመልክት» አለችው፤ አመለከተ። በሳምንቱ ሄደ። በሌላው ሳምንትም ሄደ። ማክሰኞ ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ጸሐፊዋ ገና ከበር ስታየው «ገና ነው አባቴ» ትለዋለች። አራት ወር አልፎ አንድ አዲስ ተቆጣጣሪ ሲመደብ ይዞት ሄደ። ግቢው ባዶ ነበር። ጎልማሳው ከሦስት ቀን በፊት ድስቱንም ሚስቱንም ልጁንም በአንድ መኪና ጭኖ ሄዷል። ወዴት እንደሆነ ጎረቤቱ አያውቅም። አዲሱ ተቆጣጣሪ «ያለበት ሳይታወቅ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰውየው ከሥራ በኋላ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ጠየቀ። አላገኛቸውም።

በወሩ በዚያ ግቢ ሌላ ሰው ገባ። ሲያልፍ አየ፦ አንዲት ወጣት እናት ልብስ ታሰጣለች፣ ሁለት ሕፃናት ማቅለጫው በነበረበት ጥቁር ጥግ አፈር ይጭራሉ። ገባና ልጆቹን ብብታቸውን ይዞ ወደ ደጃፉ አራቃቸው። ሴትየዋ ደንግጣ መጣች።

«ምን ሆነዋል? ማን ነዎት?»

«ልጄ፣ እጃቸውን በሳሙና እጠቢልኝ። አሁኑኑ። ከዚያ የማውቀውን እነግርሻለሁ።»

ነገራት። እያዳመጠች ልጆቹን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች። ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች አየችው። «እርስዎ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለችው።

«ከየትም» አለና ካፖርቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። «አካፋ ካለሽ ስጪኝ። መጀመሪያ ግን ውሃ፤ ብናኙ እንዳይነሳ ማርጠብ አለብን።»